ተልባውና የደበቅሁት ሕመም

በዚህ እትም የማካፍላችሁ ነገር ከመድረክ የማይነገር፣ በእህቶች ኅብረት ውስጥ እንኳ በሹክሹክታ የሚወራ ነው። ስለ ሽንት ሕመም ነው። ፈገግ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ባለቤቴም ሐሳቤን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቆየት ብሎ ግን «ጻፊው፤ የእኔንም ጥፋት አትሸፍኚልኝ» አለኝ። ስለዚህ ሁለታችንም ተስማምተን ያወጣነው ምስክርነት ነው።

ጊዜው 1999 ዓ.ም. ነው። ከተጋባን ገና ስምንት ወራችን ነበር። ባለቤቴ በሐዋሳ ለአንዲት አጥቢያ አገልጋይ ሆኖ ተመድቦ ስለነበር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን ተቀመጥን። መጸዳጃ ቤቱ በግቢው ጥግ ነው፤ ለአራት ተከራይ አንድ። አንድ ቀን ጠዋት ሽንቴን ስሸና ሚጥሚጣ እንደ ነካው ቁስል አንገበገበኝ። ያልፋል ብዬ ተውሁት። ከሰዓት በኋላ ግን በየሩብ ሰዓቱ መመላለስ ጀመርሁ። ስሄድ ጠብ የሚለው ጥቂት ነው፤ ተመልሼ ሳልቀመጥ ደግሞ ይመጣል። ሽንቱ ደፈርስ ብሏል፣ ሽታውም ተለውጧል። ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይዞረኝ ነጋ።

ሕመሙን እችለው ነበር፤ ያልቻልሁት ሐሳቡን ነው። ተማሪ ሳለሁ በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ስለ አባላዘር በሽታዎች የሚያስተምር ወረቀት ተለጥፎ ነበር። «ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል» የሚለውን ምልክት ያነበብሁት እዚያ፣ ጨብጥ ከሚለው ቃል ሥር ነው። ሌላም ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል የነገረኝ ሰው አልነበረም። በሰፈርም ቢሆን ሽንት አቃጠለኝ ያለ ሰው ወይ «ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ ሸንተህ ነው» ይባላል፣ ወይ ሰሚዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔ ከባለቤቴ በቀር ወንድ አላውቅም። እንግዲህ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ከእኔ ካልመጣ ከማን መጣ? ይህን ጥያቄ ለማንም አልተነፈስሁትም፤ ነገር ግን ባለቤቴ ማታ ቆይቶ ሲመጣ ሰዓት ማየት ጀመርሁ። እሁድ ሲሰብክ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ፊቱን እመረምር ነበር። በአልጋችንም ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ መተኛት አመጣሁ። ግማሹ ሕመሙ ነው፣ ግማሹ ጥርጣሬው። እሱ ምክንያቱን ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አልተናገርሁም።

ያን ሰሞን አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው ከእኛ ጋር ነበሩ። ወደ ጓሮ መመላለሴን አይተው፣ በሦስተኛው ቀን እጄን ይዘው ጥግ አስቀመጡኝና «ልጄ፣ ስንት ወርሽ ነው?» አሉኝ። ደስታው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር! እርጉዝ ሴት ሽንት እንደምታበዛ ያውቃሉና። «አይ እማዬ፣ ብርድ ነው መሰለኝ» አልኋቸው። ደስታቸው ወዲያው ወደ ቁጣ ዞረ። «ሲሚንቶ ላይ አትቀመጪ አላልሁም?» ብለው ተነሡና ከደብረ ብርሃን ያመጡትን ተልባ ፈቱ።

የአማቴን ተልባ ልንገራችሁ። በብረት ምጣድ በቀስታ ያምሱታል፤ መንጣጣት ሲጀምር ያወርዱታል። ከዚያ ወቅጠው፣ በወንፊት ነፍተው፣ በትልቅ ማሰሮ ውሃ ይበጠብጡታል። አተላው ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ቀድተው፣ ማር ጣል አድርገውበት ያጠጡኛል። በጠዋት አንድ ትልቅ ብርጭቆ፣ በቀትር አንድ፣ ማታ ሁለት። በማግስቱ አብሹን ዘፍዝፈው፣ መራራውን ውሃ ደጋግመው ደፍተው፣ አረፋ እስኪያወጣ መትተው አቀረቡልኝ። የገብስ ውሃም አፈሉልኝ። ሚጥሚጣና ፌጦ ተከለከልሁ። ቡናም ከሦስት ስኒ ወደ አንድ ወረደ፤ ይህ ከሁሉ የከበደኝ ነበር።

ደግሞም ቀለለኝ! በሁለተኛው ቀን ማቃጠሉ በግማሽ ቀነሰ። እልል አልሁ። አማቴም በኩራት ለጎረቤት ሁሉ የተልባቸውን ምስክርነት ሰጡ፤ ደግነቱ ስለ ምን ሕመም እንደሆነ አልተናገሩም።

ያኔ ለምን እንደ ቀለለኝ የገባኝ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን አገር የታተመ አንድ ጥናት አለ። ትኩሳት የሌላቸው፣ ሽንት የሚያቃጥላቸው ወደ 500 የሚጠጉ ሴቶችን ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን አንቲባዮቲክ፣ ለሌላው ወገን የሕመም ማስታገሻ የሆነውን አይቡፕሮፌን ሰጧቸው። ማስታገሻውን ብቻ ከወሰዱት ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ አንቲባዮቲክ ሳያስፈልጋቸው ዳኑ። እንዴት ነው ቢባል ፈጣሪ በሰውነታችን ያኖረው መከላከያ ይዋጋል፣ ሽንቱም ራሱ ተህዋሱን ያጥባል። እንግዲህ ከሦስት ሴቶች ሁለቱ በራሳቸው የሚድኑ ከሆነ፣ በዚያ ሳምንት ተልባ የጠጣች ተልባውን ታመሰግናለች፣ ጤና አዳም የጠጣችም ጤና አዳሙን። ለልጅ ልጅ የሚተላለፈውም ይኸው ነው። ሦስተኛዋ ሴትስ? በዚያው ጥናት ውስጥ ሕመሙ ወደ ኩላሊት የወጣባቸው ጥቂት ቢሆኑም፣ አንቲባዮቲክ ባልወሰዱት ዘንድ በዝተው ታዩ። እኔ ከሦስተኞቹ ነበርሁ።

በተልባው የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። በቀን አራት ትልልቅ ብርጭቆ ውሃ ነው ያጠጡኝ! ያለ ተልባው ብሰጠኝ ያን ያህል ውሃ አልጠጣም ነበር። ተልባ ሆድን ያለሰልሳል፣ ድርቀትንም ያስወግዳል፤ የሆድ ድርቀት ደግሞ ፊኛ በደንብ እንዳይፈስ ስለሚያደርግ ለሽንት ሕመም ይረዳል የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊኛ ውስጥ የገባውን ተህዋስ ግን ተልባ አይገድልም።

አንድ ሳምንት ሳይሞላ ሕመሙ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን በአጥቢያችን የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ታወጀ፤ ውሃም የማይቀመስበት ደረቅ ጾም ነበር። የአገልጋይ ሚስት ነኝና መቅረት አልቻልሁም። እውነቱን ልናገር፣ ለሕመሜም መድኃኒቱ እሱ ነው ብዬ አስቤ ነበር። በጸሎቱ መካከል እጅ ተጭኖልኝ «ተፈውሰሻል» ስባል፣ ውስጤ እየነደደ «አሜን» አልሁ። ከሰው ፊት ተነሥቶ መውጣት አሳፍሮኝ ሽንቴን ይዤ ከጠዋት እስከ ማታ እቀመጥ ነበር። ውሃ መከልከልና ሽንት መያዝ ለዚህ ሕመም ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ ሳስበው ራሴን እይዛለሁ። ውሃ ካልጠጣን የሚያጥበው ጅረት ይደርቃል፤ ሽንት ከያዝን ደግሞ ተህዋሱ እንዲራባ ሙቅ ኩሬ አዘጋጀንለት ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ሌሊት ብርድ ብርድ ብሎኝ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጥሁ። ሁለት ብርድ ልብስ አልበቃኝም። ቀኝ ጎኔ ከጎድን አጥንቴ በታች ከጀርባ በኩል በቢላ የሚወጉኝ ያህል ያመኝ ጀመር፤ ያስታውከኛል። ባለቤቴ ወባ መሰለው፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አይደለች? ሲነጋጋ ባጃጅ ጠርቶ ወደ ሕክምና ወሰደኝ።

የተቀበለችን ሴት ጤና መኮንን ነበረች። ደሜ ለወባ ተመርምሮ ነጻ ሆነ። እሷም ጀርባዬን በጡጫዋ ጎን ቀስ አድርጋ መታ መታ ስታደርገው ጮኽሁ። ያን ጊዜ ባለቤቴን «ወንድሜ፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» አለችውና በሩን ዘጋች። «ሽንትሽን ያቃጥልሻል?» አለችኝ። ከስንት ቀን በኋላ መጀመሪያ የጠየቀኝ ሰው! ማልቀስ ጀመርሁ። እያለቀስሁ ሁሉንም ነገርኋት፤ የግድግዳውን ወረቀት፣ ሰዓት ማየቴን፣ ጥርጣሬዬን። ሳትስቅ ሰማችኝ። የሽንቴ ምርመራ ሲመጣም ባለቤቴን መልሳ አስገብታ ለሁለታችንም በወረቀት ጀርባ ላይ ሥዕል እየሣለች አስረዳችን።

የነገረችን ይህ ነው። ተህዋሱ አብዛኛውን ጊዜ ኢ. ኮላይ ይባላል፤ የሚመጣውም ከራሳችን አንጀት ነው። በአንጀት ውስጥ ሲኖር ጉዳት የሌለው፣ ወደ ሽንት ቧንቧ ሲሻገር ግን የሚያሳምም ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የወንድ ግን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። መንገዱ አጭር፣ ለፊንጢጣም ቅርብ በመሆኑ ሴቶች ይጠቃሉ። ባልና ሚስት ሲገናኙ ደግሞ በመታሸት ተህዋሱ ወደ ቧንቧው አፍ ይገፋል፤ ስለዚህ አዲስ ተጋቢዎችን ያዘወትራል። ፈረንጆች በጫጉላ ጊዜ ስም ይጠሩታል አለችን። «ስለዚህ ማንም ከማንም ያመጣው አይደለም» ስትል ወደ ወለሉ አየሁ። ባለቤቴም ወለሉን ያይ ነበር።

ሆስፒታል ተኝቼ በደም ሥር ፈሳሽና መርፌ ተሰጠኝ፤ ቀሪውን መድኃኒት ቤቴ ሄጄ እስከ ሁለት ሳምንት ዋጥሁ። ሐኪሙ ከዚህ ዘግይቼ ቢሆን ተህዋሱ ወደ ደም ገብቶ ለሕይወቴ ያሰጋ እንደ ነበር ነገረን።

በሁለተኛው ሌሊት በአልጋዬ ጎን በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ባለቤቴ ተናገረ። «ጀርባሽን ስትሰጪኝ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ተልባውን ሳይ ደግሞ… ያው፣ እኔም ያንን ወረቀት አንብቤአለሁ።» ለካስ እሱም ጠርጥሮኝ ኖሯል! ሌሎችን ትዳር የሚያማክር ሰው፣ ሚስቱን መጠየቅ አቅቶት እናቱን «ምን ሆና ነው?» ይል ነበር። በጾሙም ቀን ፊቴ ገርጥቶ እያየ፣ ሰው ምን ይላል ብሎ ውሃ ጠጪ አላለኝም። አላስቀየመኝም አልልም። ተኮራረፍን፣ ደግሞም በዚያው ሌሊት ይቅር ተባባልን። በጎን ያሉት በሽተኛ «እናንተ ልጆች፣ አስተኙን» ባይሉን እስኪነጋ እናወራ ነበር።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የሕዝቅያስን ታሪክ ተምሬ ፈተና ወስጄበታለሁ። ንጉሡ ሊሞት ታሞ ጸለየ፤ ጸሎቱም ተሰማ። በዚያው ምዕራፍ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ጸሎት የተሰማለት ሰው በመድኃኒት ሲታከም ማየት ያኔ በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ የጻፍሁት ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ በአጥቢያችን ጾም ሲታወጅ ባለቤቴ አንድ ነገር ይጨምራል፦ የታመመ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ መድኃኒት የሚወስድ ውሃ ይጠጣል፤ ማንም አይጠይቀውም።

እንግዲህ ዛሬ አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉኝ። ሕመሙ ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጊዜ ጎብኝቶኛል፤ ስለዚህ ቤቴ ውስጥ ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በቡልጋሪያ የተደረገ ጥናት፣ ውሃ የማያዘወትሩና ሕመሙ የሚመላለስባቸውን 140 ሴቶች ተከታትሏል። ግማሾቹ ከለመዱት በላይ በየቀኑ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ጨመሩ። በዓመቱ ውስጥ ሕመሙ ውሃ ለጨመሩት በአማካይ 1.7 ጊዜ፣ ላልጨመሩት 3.2 ጊዜ መጣባቸው። ይህን ካነበብሁ ወዲህ ኮዳዬ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ጋር በአንድ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሽንቴ ሲመጣ ስብከት መካከልም ቢሆን እነሣለሁ፤ ሰባኪው ባለቤቴ ነውና ያውቃል። ከግንኙነት በኋላም ተነሥቼ እሸናለሁ። ስጠራረግ ከፊት ወደ ኋላ ነው፤ ሴት ልጄንም ከሕፃንነቷ ያስተማርኋት እንዲሁ ነው። ዴቶልና ሽቱ ያለው ሳሙና ለዚያ ቦታ አይሆንም፤ የሚጠብቁንን ጥሩ ተህዋስያን ይገድላሉና ንጹሕ ውሃ ይበቃል።

ክራንቤሪም አለ። በሰሜን አሜሪካ የሚበቅል ቀይ ጎምዛዛ ፍሬ ነው። ዋሽንግተን የምትኖር ዘመዴ በጠርሙስ ይዛልኝ መጥታ «ይሄ ፍቱን ነው» አለችኝ። ፍሬው ውስጥ ያለው ነገር ኢ. ኮላይ ከፊኛ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሃምሳ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ፣ ሕመሙ የሚመላለስባቸው ሴቶች ሲወስዱት በሩብ ያህል እንደሚቀንስላቸው አሳይቷል። ስለዚህ ለመከላከል ይረዳል፤ የጀመረ ሕመምን ግን አያድንም። ስኳር የበዛበትን ጭማቂ መግዛት ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። እንዲሁ ከውጭ የሚላክ ዲ-ማኖዝ የሚባል ዱቄት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በእንግሊዝ አገር ወደ 600 በሚጠጉ ሴቶች ላይ ሲሞከር ከማስመሰያው ዱቄት የተሻለ ጥቅም አልታየበትም። ዘመዶቻችሁን ጫማ ላኩልን በሏቸው።

ነጭ ሽንኩርትስ? በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ተህዋስ ይገድላል። ከወጥ በልተነው ሆድ አልፎ ፊኛ ድረስ በዚያ ኃይሉ መድረሱ ግን ሌላ ነገር ነው። በወጥ ውስጥ እወደዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን አትዋጡ። ኢ. ኮላይ እነዚህን የተለመዱ እንክብሎች በብዙ ቦታ ለምዷቸዋል፤ ሁለት ቀን ውጦ ማቆም ደግሞ ያጠነክረዋል። እኔም አንድ ጊዜ ተመልሶ ሲመጣብኝ መድኃኒቱ የተመረጠልኝ በሽንት ካልቸር ነው። ተልባ የምትጠጡም ከመድኃኒታችሁ ጋር በአንድ ሰዓት አታድርጉት፤ የሚያሟልገው ነገር መድኃኒቱ እንዳይሠርግ ሊይዘው ይችላልና አራራቁት።

ቤት ውስጥ መቆየትስ እስከ መቼ? ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም፣ ትውከት ወይም በሽንት ደም ካለ አንድ ሌሊትም አትጠብቁ። ወንዶች ከሆናችሁና ሽንት ካቃጠላችሁ ገና ከመጀመሪያው ተመርመሩ፤ በእናንተ ላይ እምብዛም ስለማይታይ ፕሮስቴትም ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ደግሞ ባያማትም ሽንቷን ታስመርምር። በሁለተኛ ልጄ ጊዜ ምንም ሳይሰማኝ በክትትል ምርመራ ተህዋስ ተገኝቶብኝ ታከምሁ። ሳይታከም ቢቀር ወደ ኩላሊት ይወጣል፣ ያለ ጊዜው ምጥም ሊያመጣ ይችላል።

አማቴ ዛሬም ተልባ ይልካሉ። እድሜያቸው ገፍቷል፤ ከወር አበባ መቆም በኋላ ሆርሞን ስለሚቀንስ ይህ ሕመም በእናቶች ላይ ይበረታል። ባለፈው ክረምት ለእሳቸውም መጣባቸው። ስልክ ደውለው በሹክሹክታ «ልጄ፣ ያ የአንቺ ነገር» አሉኝ። ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ተልባውንም ጠጡ፤ መከልከል አይቻልም።

ባለፈው ወር ደግሞ ከእሁድ ፕሮግራም በኋላ አንዲት በቅርቡ ያገባች እህት ወደ ጥግ ወስዳኝ «ተልባ ለሽንት ማቃጠል ይረዳል ይላሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። «ባለቤትሽ ያውቃል?» አልኋት። አንገቷን ደፋች። እኔም ለባለቤቴ የደበቅሁትን ያንን ሁሉ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን አጫወትኋት። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ገበያ ስወርድ ሁለቱን ወደ ጤና ጣቢያው ሲሄዱ አየኋቸው። የውሃ ኮዳውን የያዘው እሱ ነበር።